የራካ ሁለት ጥያቄዎች፦ ማን ይመጣል? ማንስ ይሄዳል?

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት የሚገኙት ደማምና አል-ኾበር ዛሬ በዓይን የሚለይ ወሰን የላቸውም። የአንዱ ሕንፃ ከሌላው ጋር ተያይዟል፤ መንገዱም ሳይቋረጥ ያልፋል። ራካ የሚባለው ሰፈር የሚገኘው ሁለቱ ከተሞች በሚገናኙበት በዚህ መካከል ነው። የአል-ኾበሩ አል-ቃዲሲያ ለረጅም ዘመን የተጫወተበት የልዑል ሳዑድ ቢን ጀለዊ ስታዲየም እዚሁ ቆሟል። የደማሙ አል-ኢቲፋቅ ሜዳም በመኪና ብዙ አያስኬድም። ሐምሌ ሲገባ፣ ኢትዮጵያ በዝናብ በምትርስበት ወቅት፣ በዚህ የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሜዳዎቹም ጭር ይላሉ። እግር ኳሱ ግን አይቆምም፤ ከእግር ወደ አፍ ይዛወራል። የዝውውር ጭምጭምታ ወቅት ይሆናል።

በዚህ ወቅት በራካ የሚነገረውን በጥሞና ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የሁለቱ ክለቦች ደጋፊዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ተመሳሳይ አይደለም። የአል-ቃዲሲያ ደጋፊ “ማን ይመጣልን?” ይላል። የአል-ኢቲፋቅ ደጋፊ ደግሞ “ማን ይሄድብን ይሆን?” ይላል። ሁለቱ ክለቦች በአንድ ሊግ፣ በአንድ የዝውውር መስኮት እና በአንድ ሕግ ሥር ሆነው ሳለ ጭምጭምታው ለአንዱ ተስፋ፣ ለሌላው ሥጋት ይዞ ይመጣል። የልዩነቱ ምንጭ የደጋፊዎቹ ጠባይ ሳይሆን የክለቦቹ ባለቤትነት ነው።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ነው። በዚያ ወር የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ክለቦችን ወደ ኩባንያነት የሚያሸጋግረውን ፕሮጀክት ይፋ ሲያደርግ የአገሪቱ የኢንቨስትመንት ፈንድ የአል-ሂላል፣ የአል-ናስር፣ የአል-ኢቲሃድና የአል-አህሊን 75 በመቶ ድርሻ ያዘ። የዓለም መገናኛ ብዙኃን ዓይን ያረፈው በእነዚህ አራት ክለቦች ላይ ነበር። በዚያው ማስታወቂያ ውስጥ ግን ለራካ ነዋሪ ከሁሉም የሚበልጥ ዜና ተካቷል፤ በወቅቱ በሁለተኛው እርከን ሊግ ይጫወት የነበረው አል-ቃዲሲያ ዋና መሥሪያ ቤቱ በአቅራቢያው ዘህራን በሆነው በነዳጅ ኩባንያው አራምኮ እጅ መግባቱ። የዓለም ታላቁ የነዳጅ ድርጅት የአንድ የሠፈር ክለብ ባለቤት ሆነ። አል-ኢቲፋቅ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

ውጤቱ ለመታየት ብዙ አልቆየም። አል-ቃዲሲያ እ.ኤ.አ. በ2024 የሁለተኛውን እርከን ሊግ በአንደኝነት አጠናቅቆ ወደ ዋናው ሊግ አደገ። በዚያው ክረምት ናቾ ፈርናንዴዝ ከሪያል ማድሪድ፣ ፒየር ኤመሪክ ኦባሜያንግ ከማርሴይ፣ ግብ ጠባቂው ኩን ካስቴልስ ከቮልፍስቡርግ፣ ናሂታን ናንዴዝ ከካሊያሪ፣ ሁሊያን ኪኞኔስ ደግሞ ከሜክሲኮው ክለብ አሜሪካ መጡ። አዲስ ያደገው ቡድን የ2024/25 የውድድር ዘመንን በአራተኛነት ጨረሰ፤ ለንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜም ደርሶ በጅዳ በአል-ኢቲሃድ 3 ለ 1 ተሸነፈ። በቀጣዩ ክረምት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025፣ በጣሊያን ሴሪ አ በ25 ግቦች የኮከብ ግብ አግቢነትን ክብር የወሰደውን ማቴዎ ሬቴጊን ከአታላንታ አስፈረመ። የዝውውር ክፍያው ወደ 68 ሚሊዮን ዩሮ እንደሚጠጋ ተዘግቧል። ከሁለት ዓመት በፊት በሁለተኛው እርከን ይጫወት ለነበረ ክለብ ይህ ቁጥር የሚያስገርም ነው።

ይሁን እንጂ የዛሬውን የአል-ኾበር ደስታ በትክክል ለመመዘን ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል፤ “ማን ይሄድብን ይሆን?” የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የአል-ቃዲሲያ ደጋፊዎች ጥያቄ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው ይህ ክለብ በ1994 የእስያ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ቢያነሳም በአገር ውስጥ ይታወቅ የነበረው ተጫዋች አሳድጎ በመሸጥ ነው። ያሲር አል-ቀሕጣኒ ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ሪያዱ አል-ሂላል ሲሄድ የአገሪቱ ትልልቅ ክለቦች ተሻምተውበት ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የእስያ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። መሐመድ አል-ሰህላዊም እ.ኤ.አ. በ2009 በተመሳሳይ መንገድ ወደ አል-ናስር አመራ። በእነዚያ ዓመታት በራካ ስታዲየም አንድ ወጣት ሁለትና ሦስት ግብ ባገባ ቁጥር ደጋፊው በደስታው መካከል ይሰጋ ነበር፤ የሪያድና የጅዳ ገንዘብ እንደሚከተል ያውቃልና።

የአል-ኢቲፋቅ ታሪክ በአንጻሩ ከከፍታ ወደ ታች የሚሄድ ነው። ክለቡ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ የደማም ቡድኖች ሲዋሐዱ ሲሆን ስሙም “ስምምነት” ማለት ነው። (በውል ፊርማ ዙሪያ ይህን ያህል ወሬ ለሚወራበት ክለብ ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ያስቸግራል።) እ.ኤ.አ. በ1983 በአገሩ ተወላጅ አሠልጣኝ በኸሊል አል-ዘያኒ እየተመራ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የሊጉን ዋንጫ አነሣ። አል-ዘያኒ በቀጣዩ ዓመት የሳዑዲን ብሔራዊ ቡድን ለእስያ ዋንጫ አበቃ። ክለቡ በ1987 ዳግም የሊግ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዓረብና በባሕረ ሰላጤ ክለቦች ውድድሮችም ዋንጫዎችን ሰበሰበ። በደማም በዕድሜ የገፉ ደጋፊዎች ዛሬም ስለ ዝውውር ሲነሣ ወደዚያ ዘመን የሚመለሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ቡድን በገንዘብ የተገዛ አልነበረም።

ለደማም ደጋፊ ከዝውውር ዜናዎች ሁሉ መራራው የ2013ቱ ነው። አማካዩ የሕያ አል-ሸህሪ በዚያ ክረምት ለሳዑዲ ተጫዋች በወቅቱ ክብረ ወሰን ነው በተባለ ዋጋ ለአል-ናስር ተሸጠ። ጭምጭምታው ወራትን አስቆጥሯል፤ አንዱ ጋዜጣ ሲያስተባብል ሌላው ሲያረጋግጥ ቆይቶ በመጨረሻ እውነት ሆነ። የገቢው መጠን አንዳንዱን ደጋፊ አጽናንቶት ነበር። አል-ኢቲፋቅ ግን በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋናው ሊግ ወረደ፤ የተመለሰውም በ2016 ነው። አንድ ተጫዋች መሸጥ ብቻውን ክለብን ያወርዳል ማለት አይቻልም፤ የአመራርና የአሠልጣኝ ጉዳዮችም ነበሩ። የደጋፊ ትዝታ ግን ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አስሯቸዋል። ዛሬ በደማም አንድ ተጫዋች ሊሸጥ ነው ሲባል የሚሰማው ድንጋጤ ካለፈው ዓመት ውጤት ይልቅ ከዚያ ዓመት የመነጨ ነው።

አል-ኢቲፋቅ እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ያደረገው ነገር ከዚህ አንጻር ሲታይ ደፋር ነበር። የኢንቨስትመንት ፈንዱ ባለቤትነት ሳይኖረው ስቲቨን ጄራርድን በአሠልጣኝነት፣ ጆርዳን ሄንደርሰንን፣ ጆርጂኒዮ ዋይናልደምን፣ ዴማራይ ግሬይን፣ ሙሳ ዴምቤሌንና ጃክ ሄንድሪን በተጫዋችነት አመጣ። ከእነዚህ ዝውውሮች ሁለቱ ጭምጭምታ እንዴት እንደሚነበብ ለማሳየት ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው የጄራርድ ነው። በሰኔ ወር የእንግሊዝ ጋዜጦች ከደማም ጥሪ እንደደረሰው ጻፉ። እርሱም በቴሌቪዥን ቀርቦ ጥሪው እንደደረሰውና እንደመረመረው፣ አሁን ባለው ሁኔታ ግን እንደማይቀበለው ተናገረ። ብዙዎች ጉዳዩ አበቃ ብለው ዘጉት። በሐምሌ 3 ግን ክለቡ አሠልጣኝነቱን ይፋ አደረገ። ቃሉን በጥንቃቄ ለመረመረ ሰው ግን በመካከሉ ውሸት አልነበረም። “አሁን ባለው ሁኔታ” ያለ ሰው ሁኔታው ቢለወጥ እንደሚለወጥ ተናግሯል ማለት ነው፤ ሁኔታ የሚባለው ደግሞ ደሞዝ፣ የውል ዘመንና የሚገዙ ተጫዋቾች ዝርዝር ነው። በዝውውር ገበያ ማስተባበያ ብዙ ጊዜ የድርድር አንድ ክፍል ነው።

ሁለተኛው የሄንደርሰን ነው። የሊቨርፑሉ አምበል በሐምሌ መጨረሻ 2023 የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። ዓመቱ ሲለወጥ መሄድ እንደሚፈልግ መወራት ጀመረ፤ በጥር 18 ቀን 2024 የኔዘርላንዱን አያክስ ተቀላቀለ። የሦስት ዓመቱ ውል ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። በዚያው ወር የጄራርድ ውል እስከ 2027 ተራዘመ ተብሎ ተነገረ፤ ይህም ለደጋፊው ማረጋጊያ ነበር። ጄራርድ በጥር 30 ቀን 2025 ተሰናበተ። ግሬይም በ2025 ክረምት ወደ በርሚንግሃም ሲቲ አቀና። ክለቡ ጄራርድ በመራበት ሙሉ የውድድር ዘመን ስድስተኛ፣ በተከታዩ ሰባተኛ ሆኖ ጨርሷል፤ በመካከለኛ ደረጃ ላይ ቆይቷል ማለት ነው። ደጋፊው ከዚህ የተማረው ነገር ቢኖር በውል ላይ የተጻፈው ዓመት ተጫዋቹ የሚቆይበት ዘመን አለመሆኑን ነው። የውሉ ርዝመት በዋነኛነት የሚወስነው ሲለያዩ ማን ለማን ስንት እንደሚከፍል ነው።

ወሬው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ከባሕረ ሰላጤው ውጭ ያለ አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ምሥራቃዊው ግዛት ለቤዝቦል እንግዳ አይደለም፤ በዘህራን የአራምኮ ሠራተኞች መንደር ያደጉ ልጆች በአሜሪካ ለሚካሄደው የዓለም የታዳጊዎች ቤዝቦል ውድድር ሳዑዲ ዓረቢያን ወክለው ደጋግመው ቀርበዋል። የአሜሪካ ቤዝቦል ደግሞ በክረምት ወራት ጨዋታ ሲቆም በዝውውር ወሬ የሚኖር ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የጃፓኑ ኮከብ ሾሄይ ኦታኒ ውሉን ጨርሶ ነፃ ተጫዋች ሆኖ ነበር። በታኅሣሥ 8 ቀን ከደቡብ ካሊፎርኒያ ወደ ቶሮንቶ የምትበር አንዲት የግል አውሮፕላን በኢንተርኔት ተገኘችና ደጋፊዎች “ኦታኒ በውስጧ አለ፤ ቶሮንቶን ሊቀላቀል ነው” ብለው ጉዞዋን ደቂቃ በደቂቃ ተከታተሉ። የታወቁ ዘጋቢዎችም ወሬውን አስተጋቡ። አውሮፕላኗ ስታርፍ የወረደው ከቤተሰቡ ጋር ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ካናዳዊ ነጋዴ ነበር። በማግሥቱ ኦታኒ በዚያው ካሊፎርኒያ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ለ10 ዓመታት በ700 ሚሊዮን ዶላር መስማማቱን አስታወቀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አውሮፕላኗ እውነት ነበረች፤ መድረሻዋም እውነት ነበር፤ የቶሮንቶ ፍላጎትም እውነት ነበር። ሐሰቱ እነዚህን ያያያዘው ምኞት ነው። አብዛኛው የዝውውር ጭምጭምታ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ፈጽሞ የተፈጠረ ወሬ ጥቂት ነው። ተጫዋቹ በእርግጥ ደማምን ጎብኝቶ ይሆናል፤ ወኪሉ በእርግጥ በአል-ኾበር ሆቴል ታይቶ ይሆናል። ይህ ግን ተፈራርመዋል ማለት አይደለም። “ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት” የሚለው የአበው አነጋገር ለዝውውር ወቅት የተባለ ይመስላል።

የሳዑዲ ክለቦች ስም በተለይ ለወኪሎች ጠቃሚ መሣሪያ ሆኗል። ነገሩን ከገበያ ለይቶ ማየት አያስፈልግም። በአውሮፓ ያለ ተጫዋች ውሉን ለማደስ ሲደራደር “ከሳዑዲ ጥሪ አለኝ” ማለቱ ብቻ የዋጋውን ወለል ያነሣል፤ ጥሪው እውነት ቢሆንም ባይሆንም አሠሪው ክለብ ሊያጣራ አይችልም። የመሐመድ ሳላሕን ጉዳይ ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 አል-ኢቲሃድ ያቀረበውን እስከ 150 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ዋጋ ሊቨርፑል አልቀበልም አለ። ከዚያ በኋላ ውሉ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት በባሕረ ሰላጤው ያለ የእግር ኳስ ወዳጅ ሁሉ ግብፃዊው ኮከብ በቅርቡ በሳዑዲ ሜዳ ይታያል ብሎ ጠበቀ። ሳላሕ በሚያዝያ 2025 ከሊቨርፑል ጋር ለተጨማሪ ሁለት ዓመታት ፈረመ። ጭምጭምታው ለሳዑዲ ሊግ ተጫዋች አላመጣም፤ ለተጫዋቹ ግን የመደራደሪያ አቅም ጨምሮለታል ብሎ መገመት ይቻላል።

ነፃ ተጫዋች የሚባለውም በደንብ መታየት አለበት፤ “ነፃ” የሚለው ቃል ያታልላልና። ሕጉ የመጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጅየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ነው። ውሉን የጨረሰ ተጫዋች አሮጌው ክለቡ ሳይከፈለው ወደ ፈለገበት ይሄዳል፤ ውሉ ሊያበቃ ስድስት ወር ሲቀረውም ከሌላ ክለብ ጋር ቅድመ ስምምነት መፈረም ይችላል። ከሪያል ማድሪድ ወደ አል-ቃዲሲያ የመጣው ናቾ እንዲህ ያለ ተጫዋች ነበር፤ ከታዳጊነቱ ጀምሮ በአንድ ክለብ አድጎ፣ በአምበልነት የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫን አንሥቶ፣ ውሉ ሲያልቅ ወደ አል-ኾበር መጣ። ካሪም ቤንዜማም እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ አል-ኢቲሃድ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ለአሮጌው ክለብ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ለተጫዋቹ ግን አለ። ቀድሞ ለሻጩ ክለብ ይገባ የነበረው ገንዘብ በፊርማ ስጦታና በደሞዝ መልክ ወደ ተጫዋቹና ወደ ወኪሉ ይዞራል። ስለዚህ በነፃ የመጣ ተጫዋች የቡድኑን የደሞዝ ወጪ ከሁሉ በላይ ሊያንር ይችላል። ይህን የሚችለው ባለቤቱ ጠንካራ የሆነ ክለብ ነው።

በራካ የሚወራውን ለማጣራት የሚያገለግል አንድ ተጨማሪ መለኪያ አለ፤ የውጭ ተጫዋቾች ቁጥር። የሳዑዲ ሊግ ከ2024/25 ጀምሮ ለአንድ ክለብ የፈቀደው 10 የውጭ ተጫዋቾችን ሲሆን ከእነዚህ 8ቱ የዕድሜ ገደብ የላቸውም፤ ሁለቱ ግን ወጣቶች መሆን አለባቸው። ቦታዎቹ ከሞሉ በኋላ “እገሌ ሊመጣ ነው” የሚል ወሬ ሁሉ በውስጡ “እገሌ ሊሄድ ነው” የሚል ሁለተኛ ወሬ ይዟል። ሁለተኛውን ሳይናገር የመጀመሪያውን ብቻ የሚያወራ ሰው ግማሹን አላሰበውም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሬቴጊ ወደ አል-ኾበር ሲመጣ በዚያው ወር ኦባሜያንግ ወደ ማርሴይ ተመለሰ፤ ነገሩን በቦታ ቁጥር ያሰላ ደጋፊ አልተደናገጠም። በዚያው ክረምት በ2004 የተወለደው ጋናዊው ክሪስቶፈር ቦንሱ ባህ ከቤልጅየሙ ጌንክ መምጣቱም የወጣቶቹ ቦታ ምን ያህል ውድ እንደሆነ አሳይቷል።

ይህ የወጣቶች ቦታ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ከእግር ኳስ ወዳጅነት ያለፈ ትርጉም አለው። አፍሪካዊ ወጣት ወደ ሳዑዲ ዋናው ሊግ የሚገባበት በር ተከፍቷል፤ የቦንሱ ባህ መንገድ ግን በአውሮፓ ሊግ በኩል ያለፈ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የአገራችን ተጫዋቾች ያለፉበት መንገድም ደረጃ በደረጃ ነው። ሳላዲን ሰዒድ በግብፅ በዋዲ ደግላና በአል-አህሊ፣ ሽመልስ በቀለም በዚያው አገር ክለቦች ተጫውተዋል። አቡበከር ናስር ከኢትዮጵያ ቡና ጋር በ2020/21 የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ 29 ግቦችን ካስቆጠረ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የተሻገረው። ሦስቱም ወደ ውጭ የወጡት በሜዳ ላይ በታየ ሥራ ነው።

ስለዚህ በደማምም ሆነ በደሴ፣ “ልጅህን በቀጥታ ወደ ሳዑዲ ክለብ አስገባዋለሁ፤ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ይህን ያህል ክፈል” የሚል ሰው ሲመጣ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለወኪሎች በፈተና ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስምም በድርጅቱ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ ከአገር ወደ አገር መዛወር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር የተከለከለ ነው። በሥራ ፍለጋ ጉዞ የደላላን ቃል ዋጋ በራሱ ሕይወት የተማረ ወገን ብዙ ነው፤ በኳስ ስም የሚመጣው ደላላም የሚሸጠው ያንኑ ዓይነት ጭምጭምታ ነው። ልዩነቱ እዚህ የሚከስረው የክለብ ገንዘብ ሳይሆን የቤተሰብ ጥሪት መሆኑ ነው።

ወደ ራካ ስንመለስ፣ የጥሩ መስኮት በቀረበ ቁጥር የሁለቱ ከተሞች ጥያቄ ይበልጥ እየተራራቀ ሄዷል። አል-ቃዲሲያ በአል-ኾበር ለ2027ቱ የእስያ ዋንጫ እየተሠራ ወዳለው፣ 47 ሺህ ያህል ተመልካች እንዲይዝ ወደታቀደው የአራምኮ ስታዲየም የመሸጋገር ተስፋ አለው። አዲስ ስታዲየም መሙያ ተመልካች ይፈልጋል፤ ተመልካች ደግሞ ስም ያለው ተጫዋች ይጠይቃል፤ በመሆኑም ስለ አዲስ መጪ የሚወራው ወሬ በዚያ በኩል የሚቀንስበት ምክንያት አይታይም። አንዳንዶች ይህን ሁሉ ወሬ ከንቱ ይሉታል። ነገር ግን የክለቡ አቅም የሚታወቅ በመሆኑ በአል-ኾበር የሚሰማው ጭምጭምታ ከደማሙ ይልቅ ወደ እውነት የመቅረብ ዕድል አለው፤ ገዢው ገንዘብ አለውና።

በደማም በኩል ጉዳዩ በአንድ ተጫዋች ስም አይፈታም። የክለቦች ሽያጭ ፕሮጀክት ቀጥሏል፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አል-ኹሉድ ለአሜሪካው ሃርበርግ ግሩፕ ተላልፎ በውጭ ባለሀብት የተያዘ የመጀመሪያው የሳዑዲ ክለብ ሆኗል። ከአር-ረስ የመጣ፣ ዋናውን ሊግ በ2024 ብቻ የተቀላቀለ ክለብ ገዢ ሲያገኝ የ1983ቱ ያልተሸነፈ ሻምፒዮን አል-ኢቲፋቅ በዚያ ዙር ወደ አዲስ ባለቤት አልተሸጋገረም። በዚህ ወቅት በደማም ከተጫዋቾች ስም በላይ መነሣት የሚገባው የዝውውር ወሬ የክለቡ የራሱ ዝውውር ነው፤ ማን ይገዛዋል? በምን ያህል? የሚገዛውስ ሊገነባው ነው ወይስ ያሉትን ተጫዋቾች ሊሸጥ? የዋይናልደም ውል ስንት ወር ቀረው እያለ የሚቆጥር ደጋፊ ይህንን ጥያቄ ቢያስቀድም መልሱ የሌሎቹን ብዙዎቹን ወሬዎች ዕጣ አብሮ ይወስንለታል።